የጉልላቱ ብሩሽ

«ይህ እጅ ለዶማ እንጂ ለወረንጦ አልተፈጠረም።»

ይህን የተናገረው መምህር ፍሬው ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን 2006 ዓ.ም.፤ ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ተኩል፤ ቦታው ንፋስ መውጫ፣ በአቶ እንዳልካቸው ግቢ ጓሮ ያለው የሞዴል ቤት በራፍ። የተነገረው ለሳጅን ይርጋ ነው። ሲነገር የሰሙት አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ ሳጅን ይርጋ ቆጥሯቸዋል። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ስቀዋል። የሳቁትን በስም በስማቸው ያውቃቸዋል።

ያን ቀን ይርጋ ከስንዝር የማትበልጥ የወይራ ሞፈርና ቀንበር በመሐረብ ጠቅልሎ ነበር የሄደው። ሦስት ወር የለፋባት ሥራ ናት። እዚያ ቤት ውስጥ ትንንሽ ጎጆ፣ ትንንሽ ጎተራ፣ ትንንሽ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሠራ ሰምቶ፣ «እኔም ልግባና ልማር» ሊል ነበር። የቤቱ መሥራች ፍሬው ሞፈሯን በሁለት ጣቱ አንሥቶ አየ። ቀጥሎ አካፋ የሚያህለውን የይርጋን መዳፍ አየ። ከዚያ ያችን ቃል ተናገረ። አልበቃው ብሎም፣ «ስምንተኛ ክፍል ነው አይደል ያቆምኸው?» ሲል ጨመረባት።

ይርጋ ሞፈሯን መልሶ ጠቅልሎ ወጣ። ለሥልጠና ባሕር ዳር በሄደ ጊዜ ግን ወረንጦ ገዛ። በሌላ ጊዜ ጥቃቅን ሞረድ፣ ባለ ምላጭ ቢላዋ፣ ጫፉ ከመርፌ የማይወፍር ብሩሽ ገዛ። እሑድ እሑድ በሩን ዘግቶ ይቀርጻል፣ ይፍቃል፣ ይቀባል። ማንም አያውቅበትም። በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ ነበር የሚሠራው።

እንግዲህ አምስት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው፣ አርብ መጋቢት 20 ቀን 2011፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ኮንስታብል አዲሱ እያለከለከ ቢሮው ገባ።

«ሳጅን! አቶ እንዳልካቸው ሞዴል ቤታቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ!»

«ማን አገኛቸው?»

«ሰናይት፤ ያች ቀለም የምትቀባላቸው ልጅ። ከሷ በፊት ግን መምህር ፍሬው ነበሩ አሉ። ሲጮኹ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል።»

«ፍሬው?» አለ ይርጋ፣ ቀበቶውን እያጠበቀ።

ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አለው። ሰው ሞቶ የሰው ልብ መሞቁ ነውር እንደሆነ ያን ጊዜውኑ አውቋል። አወቀ እንጂ አልቀዘቀዘለትም።

*

አቶ እንዳልካቸው ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፍተዋል። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው የድሮ አናጢ ናቸው። ከፊታቸው ከጉልበት የማይበልጥ ክብ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፤ የሣር ክዳኑ አንድ በአንድ የተተከለ፣ መስኮቶቹ በቀይ ያጌጡ፣ ጉልላቱ እኩሌታው በወርቅማ ቀለም የተቀባ። በቀኛቸው መሣሪያዎቻቸው በቁመት ተደርድረዋል፤ ምላጭ ቢላዋው፣ ሦስቱ ሞረዶች፣ ሁለቱ ወረንጦዎች፣ የእጅ መሰርሰሪያው፣ ቀይ የነካው ብሩሽ። ከመካከላቸው ቦታውን የለቀቀ አንድ ሌላ ብሩሽ ብቻ ነው፤ እሱም ከቀኝ እጃቸው ሥር ወድቋል።

የጤና ባለሙያው ከአስከሬኑ ቀና አለ። «በአፍ የገባ መርዝ ነው። የተባይ መድኃኒት ይሸታል። በዚህ አገር ደግሞ የተባይ መድኃኒት የሌለው ቤት የለም።»

ይርጋ ጎንበስ ብሎ አየ። በከንፈራቸው ላይ ወርቅማ ቀለም ነጠብ ነጠብ ብሏል። የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር ደግሞ ቀይ ነው፤ በላይ በላዩ የደረቀ ቀይ። ከንፈር ላይ ቀይ የለም። ጥፍር ላይ ወርቅማ የለም። ይርጋ የራሱን አውራ ጣት ሳያስበው ጨበጠው።

መስኮቱ ሥር በነጠላ የታሰረ ምሳ ዕቃ ተቀምጧል። ቋጠሮው አልተፈታም።

ሚስታቸው ወይዘሮ ይታይሽ ከደጅ መደብ ላይ ተቀምጠው ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸዋል።

«እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጥናዎ። ምሳውን ስንት ሰዓት አመጡ?»

«ስምንት ሰዓት፣ ልጄ። ‹ደወል ሳይሰማ አትፍችው› አለኝ። በጾም ቀን ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ ባፉ አይዞርም። እንኳን ሊበላ ምራቁን ሲውጥ ይሳቀቅ ነበር።»

«ዛሬ ደወሉ መቼ ተደወለ?»

«ዘጠኝ ሲሆን። ኧረ ልጄ፣ ሰዉ እኔን ነው የሚያይ። ምግቡን ያመጣሁ እኔ!»

«ያልተፈታ ምሳ ሰው አይገድልም፣ እትዬ። ለሚያይዎት ሁሉ ይርጋ እንዲህ ብሏል ይበሉት።»

ፍሬው ከሞዴል ቤቱ በር አጠገብ ቆሟል። ያችኑ ቦታ ነው የቆመው።

«መምህር፣ ስምንት ተኩል ላይ እዚህ ሲጮኹ ነበር ይባላል።»

«ጮኬያለሁ። ሞዴሉ ሰኞ ለኤግዚቢሽን ባሕር ዳር መግባት አለበት። እሳቸው ግን ጉልላቱን ገና አልነኩትም፤ ‹ደወሉ ይደወልና› ይሉኛል። ሰው በቀጠሮ አይጨቃጨቅም?»

«ቀለሙን ማን ገዛው?»

«እኔ ነኝ። ቀዩንም፣ ወርቅማውንም።»

«ቀለሙ ውስጥ መርዝ ቢገኝስ?»

ፍሬው ሳቀ። ምናልባት ድንጋጤ ይሆናል፤ ይርጋ ግን ሳቅ ብሎ ነው የመዘገበው። «እንዲያው ሳጅን፣ ይህን ጉዳይ ለተማረ መርማሪ ብታስተላልፈው አይሻልም? ከደብረ ታቦር ይምጣልህ።»

አዲሱ ሰምቷል። የጤና ባለሙያው ሰምቷል። ሰናይትም ሰምታለች። ሦስት።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይርጋ «እርስዎ» ሲል ነበር።

«ና፣ ቅደም!» አለው።

*

ጌዲዮን ከወገዳ የተመለሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከአቶ እንዳልካቸው ጋር ሰባት ዓመት የሠራ፣ ዝምተኛ፣ ጣቶቹ እንደ ሴት ልጅ የቀጠኑ ሰው ነው። አንድ እስር የወይራ እንጨት ተሸክሞ፣ አቧራ እንደለበሰ፣ ፍሬው ለጊዜው ወደ ታሰረበት የቀበሌ ጽሕፈት ቤት መጣ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሚኒባስ እንደሄደ፣ ቀኑን ወገዳ እንደዋለ ሾፌሩም መሰከረለት።

«ስሰናበታቸው ደኅና ነበሩ፣ ሳጅን» አለ፣ እንባው እየወረደ። «የመስኮቱን ቀይ እየቀቡ፣ እንደ ልማዳቸው ብሩሹን ላስ፣ ላስ ያደርጋሉ። ‹ጋሼ፣ ይህ ፍሬው ያመጣው ቀለም ይሸታል፤ አይላሱት› ብያቸው ነበር። መች ሰምተው!»

የይርጋ እስክሪብቶ ቆመ።

ጆሮው አንድ ነገር ይዟል። ያዘው፣ ትንሽ አገላበጠው፣ ከዚያ ሆን ብሎ ለቀቀው። ቃሉን እንዳለ ጻፈ። አስፈረመ። «ሂድና ለቅሶህን ተቀመጥ» ብሎ አሰናበተው። ፍሬውን ያሳደሩበት የቀበሌ ክፍል በር ሲቆለፍም ቆሞ አዳመጠ።

በማግስቱ ገበያ ነው። ፍሬው ወደ ፖሊስ ጣቢያው መዛወር ነበረበት።

«መኪናው አለ፣ ሳጅን» አለ አዲሱ።

«ቅርብ ነው። በእግሩ ይሂድ።»

«በገበያው መሃል?»

«ሌላ መንገድ ታውቃለህ?»

አዲሱ ሌላ መንገድ ያውቅ ነበር። ባጃጅ ሁሉ የሚሄድበት የጀርባ መንገድ ነው። ቀና ብሎ የአለቃውን ፊት አየና ካቴናውን አነሣ።

ፍሬው በካቴና ታስሮ በገብስ ተራው፣ በባቄላ ተራው፣ በጨው ተራው በኩል አለፈ። ያስተማራቸው ልጆች ከከረጢት ጀርባ ቆመው ያዩታል። አንዲት ሴት «ነፍሰ ገዳይ!» ብላ ምድሩን እንትፍ አለችበት። ይርጋ ከኋላ ይከተላል። አምስት ዓመት ይህን ቀን ሲያጣጥም ኖሮ፣ አሁን አፉ ውስጥ ሲገባ አመድ አመድ አለው። ቢሆንም እርምጃውን አላፋጠነም።

ጨው ተራው ጋ አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ ቆሙ። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ናቸው፤ የፍሬው አባት። ከቤተ ልሔም ደብር ለጧፍ ግዢ ወርደው ነው። ልጃቸውን አዩ። ካቴናውን አዩ። ከራሳቸው ላይ ነጩን ጥምጥም ቀስ ብለው ፈቱና ፊታቸውን ሸፈኑበት። በጠራራ ፀሐይ፣ ራሳቸው ባዶ።

ትንሽ ቆይተው ፊታቸውን ገለጡና ወደ ይርጋ ቀረቡ።

«ልጄ፣ ሥራህን ነው የምትሠራ። እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉት። «ብቻ ግራ እጁን አጥብቀህ አትሰርበት። በልጅነቱ ከወይራ ወድቆ የተሰበረ ነው።»

«እሺ፣ አባ» አለ ይርጋ።

ካቴናውን ያላላው እዚያው ገበያ መሃል ነው። ያን ያህል ሰው እያየ፣ ያፈረው የታሰረው ሳይሆን ያሰረው ነበር።

*

ከሰዓት በኋላ ይርጋ ብቻውን ወደ ሞዴል ቤቱ ተመለሰ። ሰናይትን አስጠራ።

«ለጉልላቱ የሚሆነው ብሩሽ የቱ ነው?»

«ይቺ ናት» አለች፣ የወደቀችውን እያሳየች። «ሌላ ብሩሽ ለጉልላት አያስነኩም። ሐሙስ ፀጉሯን የያዘው ቆርቆሮ ላልቶ ስትወዛወዝ ትቻቸው ሄድሁ። አርብ ስመጣ ታስራለች። ማን እንዳሰራት አላየሁም።»

በብሩሿ አንገት ላይ አረንጓዴ ክር ተጠምጥሟል፤ ከማዳበሪያ ከረጢት የተመዘዘ ክር። ይርጋ አሸተታት። ከዚያ የይታይሽን ሁለት ጫጩቶች አስመጣ። ቀዩ ብሩሽ የታጠበበትን ውኃ ለአንዷ፣ የወርቁ ብሩሽ የታጠበበትን ለሌላዋ ሰጠ። ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም።

ቀጥሎ ሞዴሉ የተቀመጠበትን ሳንቃ በመዳፉ ዳሰሰ። ከፊት ለፊቱ «በእንዳልካቸው እጅ ተሠራ» የሚል ተቀርጿል። ከሥሩ ግን እንጨቱ ጎድጎድ ብሎ፣ ከሌላው ይልቅ ለስልሶአል።

«እዚህ ምን ነበር?»

ሰናይት አንገቷን ደፋች። «ስም ነበር። ረቡዕ ለት ተፋቀ።»

«የማን?»

«እኔን ባይጠይቁኝ፣ ሳጅን።»

«አልጠይቅሽም።»

በግድግዳው ሥር ሦስት የመሣሪያ ሣጥኖች አሉ፤ የፍሬው፣ የሰናይት፣ የጌዲዮን። ይርጋ ሦስቱንም ከፈተ። ከአንዱ ውስጥ የመቁረጫ ፒንሳ አወጣና ጥርሱን ወደ ብርሃን አዞረ። በወረንጦ አንድ ነገር መዘዘና ወረቀት ውስጥ ጠቀለለ። ሰናይት እጁን ነበር የምታየው። ያ ሁሉ መዳፍ አልተንቀጠቀጠም።

«የት ለመዱት?» አለችው።

እሱም አንገቱን ደፋ።

*

እሑድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ሁሉም ሞዴል ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ይታይሽ በርጩማ ላይ፣ ሰናይት ከአጠገባቸው፣ ጌዲዮን ከመስኮቱ ሥር። ፍሬው በካቴናው፣ አዲሱ በጎኑ። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ በር ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ይርጋ ማንም እንዳይወጣ በሩን ዘጋ።

«ከአፍ እንጀምር» አለ። «መርዙ በአፍ ነው የገባ። ምሳው አልተፈታም፤ ውኃም አልተቀዳ። ታዲያ አቶ እንዳልካቸው አፋቸው ያስገቡት ምንድን ነው? ብሩሽ ነው። ቀለም ቀቢ የብሩሹን ጫፍ ለማሾል ከንፈሩ መሃል ይስበዋል።»

«እኔ የተናገርሁት ይህንኑ ነው!» አለ ጌዲዮን። «ቀዩ ቀለም ነው።»

«ቀዩን ውኃ የጠጣችው ጫጩት ደጅ እየጫረች ነው። የወርቁን የጠጣችው ሞታለች። ሰናይት፣ በጾም ቀን ጋሼ ብሩሹን በምን ያሾሉ ነበር?»

«ከደወል በፊት? በአውራ ጣታቸው ጥፍር። ቀለም አፋቸው እንዳይገባ።»

«በጥፍራቸው። ለዚህ ነው ጥፍራቸው ቀይ፣ ከንፈራቸው ወርቅማ የሆነ። ቀዩን ሲቀቡ ጾም ነበሩ። ዘጠኝ ሰዓት ደወሉ ተሰማ። መምህር ፍሬው ስለ ቀጠሮ ጮኸው ሄደዋል፤ ምሳቸውን ከመፍታታቸው በፊት ጉልላቱን ሊጨርሱ ፈለጉ። የወርቁን ብሩሽ አነሡ። አሁን ተፈቅዷልና ደረቁን ብሩሽ ከንፈራቸው ላይ አደረጉት። ሞታቸው እዚያ ላይ ነበር።»

ይታይሽ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

«እንግዲህ ብሩሿን ማን አዘጋጀ? ሐሙስ ላልታ ነበር፤ አርብ ታስራለች። ‹ጠግኜ አመጣታለሁ› ብሎ ቤቱ ያሳደራት፣ ፀጉሯንም መርዝ ያጠጣ ሰው አለ። ይቺን አረንጓዴ ክር የቆረጠ ፒንሳ ጥርሱ መሃል ቁራጭ ቀርቶበታል። ፒንሳው የተገኘ» አለና ወረቀቱን ፈታ፣ «ከጌዲዮን ሣጥን ነው።»

«ክር ስንቱን አስርበታለሁ!» አለ ጌዲዮን። «አርብ ወገዳ ነበርሁ። ሾፌሩን ጠይቅ!»

«መርዙ እዚህ ሲሠራ አንተ ሩቅ እንድትሆን ነው ወገዳ የሄድህ። አንድ ነገር ብቻ ረሳህ። ‹ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቀዩን እየላሱ ነበር› አልኸኝ። እሳቸው? አርብ? በዓቢይ ጾም? ይህን የሚል ጾም መሆኑን የረሳ ሰው ብቻ ነው። ጌዲዮን፣ ጾሙን ከተውህ ስንት ጊዜህ ነው?»

ጌዲዮን ወደ መሪጌታው አየ። ፊቱ ከግድያው ይልቅ በዚህች የደነገጠ መሰለ።

«ሦስት ዓመት» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሳንቃው ላይ የተፋቀውስ ስም?»

ያን ጊዜ ጌዲዮን ፈነዳ። «የኔ ነው! ይህን ክዳን ስንጥር በስንጥር በወረንጦ የተከልሁ ማን ነው? ሰባት ዓመት! ‹ሁለታችንም እንጻፍ› ብለው ጻፉ። ከዚያ ሰናይት ቆማ እያየች በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት። ‹አንተ ስንጥር አቀባይ ነህ› አሉኝ። ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ። እዚህች ላይ ቆሜ!»

ይርጋ ቀኑንና ሰዓቱን ሲሰማ የራሱን ቆጠራ ከሌላ ሰው አፍ የሰማ መሰለው። ከጌዲዮን ፊት ላይ ዓይኑን ማንሣት አልቻለም።

እዚህ ላይ ሊያቆም ይችል ነበር። ምርመራው አልቋል፤ የቀረችውን አንዲት ነገር ቢዘላት ማንም አይጠይቀውም። ይርጋ ኮፍያውን አወለቀ።

«አንድ ይቀራል» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ጥፍራቸውን ያየሁት አርብ፣ ገና እንደገባሁ ነው። ጌዲዮን ሲዋሽም አርብ ማታውኑ አውቄያለሁ። ልክ ቃሉ ካፉ ሲወጣ። ክሩን ለማግኘት ብቻ ነው ቅዳሜን የፈለግሁት። ይህም ከምርመራው ጋር ይጻፍ።»

አዲሱ ጽሑፉን አቋርጦ ቀና አለ።

«ጻፈው» አለው ይርጋ።

የካቴናው ቁልፍ ከጥፍር የማትበልጥ ናት። ይርጋ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ አንዴ ብቻ አዙሮ፣ የፍሬውን ግራ እጅ ሳይነካካ ከፈተው። ካቴናውን ለአዲሱ አቀበለ። አዲሱ ወደ ጌዲዮን ሄደ።

ፍሬው የእጁን አንጓ እያሸ ቆየ።

«አርብ ማታ አውቀኸዋል» አለ።

«አዎ።»

«ቅዳሜ ግን በገበያ መሃል ነዳኸኝ። ተማሪዎቼ እያዩ። አባቴ እያዩ።» አንድ እርምጃ ወደ ይርጋ ቀረበ። «ለምን? እኔ አንተን ምን በድዬህ አውቃለሁ?»

ይርጋ ቀና ብሎ አየው። በፊቱ ላይ ያችን ቅዳሜ ፈለጋት። ሞፈሯን፣ መሐረቧን፣ ዘጠኙን ሳቅ። ምንም የለም። ሰውየው እውነቱን ነው፤ አያስታውሰውም።

መልሱ ዝግጁ ነበር። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቆሙበት ቦታ፣ የሰሙት ሰዎች ስም ዝርዝር። አምስት ዓመት ሙሉ በቃሉ ሲያጠናው የኖረ መልስ ነው። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ሳለ፣ ከአዲሱ ጎን የቆመውን ጌዲዮንን አየ። መሪጌታ ቀለመ ወርቅንም አየ። ጥምጥማቸውን እንደገና ጠምጥመውታል፤ በአንድ በኩል ግን ዘንብሏል።

ይርጋ ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ በሩን ከፈተ። ያችኑ ደፍ ተሻግሮ፣ ሁለቱን መዳፎቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ፣ በጀርባው መንገድ ሄደ።

«ሳጅን!» አለ ፍሬው ከኋላው። «እየጠየቅሁህ ነው!»

ይርጋ አልዞረም።